ቀዩ ማስጠንቀቂያና ተከራያችን

ቀይ ጽሑፍ ስላየሁ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። እንጀራዬ ኮምፒውተር ማስተማር ነው፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ቫይረስ ገባ!» ብለው ሲጮኹ ሄጄ ሳየው ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ የተነቀለ ገመድ ነው። ማሽን ያለውን ሁሉ ማመን አንድ በሽታ ነው፤ ያለውን ሁሉ መናቅም ሌላ በሽታ ነው። እኔ ማስጠንቀቂያን የምይዘው የሰው ወሬ በምይዝበት መንገድ ነው። ማን አለ? በዓይኑ ምን አየ? ለምን ነገረኝ? ይሄን ሳልጠይቅ ከወንበሬ አልነሳም። ታላቅ ወንድሜ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እሱ በቀይ የተጻፈ ነገር ካየ ፍርድ ቤት የወሰነው ይመስለዋል።

ያን ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከዳንግላ በሚኒባስ መጣ። ዳንግላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንበር ያለው ሰው ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣም ወንበሩን ይዞት የሚመጣ ይመስላል። ዝናብ ያበሰበሰውን ጃኬቱን ሳያወልቅ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ትንሽ አፈጠጠበትና፣

«ቤታችሁ ሌባ ገብቷል» አለ።

እናቴ ዘላ ተነሳች። «በስመአብ! ምን ተወሰደ?»

«ኢንተርኔት።»

እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች። «አንተ ደግሞ! የማይታይ ነገር ምኑ ይወሰዳል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ እንጅባራ፣ እሷ ዛሬም ቆሰበር እያለች በምትጠራት ከተማ፣ በቀርከሃ አጥር በታጠረ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ጓሮው ላይ አንድ የሚከራይ ክፍል አለን። የቤት ኢንተርኔት ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ በየቤቱ የነበረ ነገር አይደለም፣ ስንት ደጅ ጠንቼ ነው ያገኘሁት። የሚገርመው መስመሩን ሊዘረጋ ቴክኒሽያኑ የመጣው እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ጨርሶ ለመሄድ ተቻኩሎ ኖሮ፣ «እማማ፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ምን ይሁን?» ብሎ እናቴን ጠየቃት። እናቴ መች ታመነታለች! ማኅበሯን የምትጠጣበትን የታቦቱን ስምና ቀኑን ነገረችው።

ስመለስ አለቀ ደቀቀ። «እማ፣ ይሄን እኮ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል» ብላት፣ «ታዲያ እሰየው፤ ታቦቱ ይጠብቀዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይጠብቃል፤ ይለፍ ቃል መሆን ግን ሥራው አይደለም። በእኛ አገር የአንድ ቤት ሰው በየትኛው ታቦት ማኅበር እንደሚጠጣ ለማወቅ ስለላ አያስፈልግም፣ በየወሩ ጠላው የሚጠመቀው የት እንደሆነ ማየት ይበቃል። ብከራከራትም አልሰማችኝም፤ ቃሉን ልቀይር ባሰብኩ ቁጥር ታቦት ልትሽር የተነሳች ሴት አድርጋ ታየኛለች።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። «እስቲ አሳየኝ» ብዬ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አደረግኩት። ባለፈው ሲመጣ የጫነው ጸረ ቫይረስ የገባበትን ቤት ኔትወርክ ሁሉ የሚፈትሽ ዓይነት ነው። የቤታችንን ራውተር ፈትሾ ገጹን በቀይ ሞልቶታል።

መጀመሪያ ያለው፣ የራውተሩ መቆጣጠሪያ ፋብሪካው በሰጠው የይለፍ ቃል እንደተከፈተ ነው የሚል ነበር። ፈተሽኩት፤ እውነት ነው። በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ እንደመተው ነው። ይሄ ማስጠንቀቂያ ምን እንዳየና ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነግሮኛል፣ ምስጋና ይገባዋል። ወንድሜ ሻዩን ሳይጨርስ ቀየርኩት። ቀጥሎ የራውተሩ ሶፍትዌር አርጅቷል፣ ለጥቃት ሊጋለጥ ይችላል ይላል። «ሊጋለጥ ይችላል» ማለት ተጋልጧል ማለት አይደለም። አዲስ ሶፍትዌር ፈልጌ አጣሁ፤ ከውጭ ሆኖ ወደ መቆጣጠሪያው የሚያስገባውን መንገድ ብቻ ዘጋሁ። ከሁሉ በትልቅ ፊደል የተጻፈው ግን «ቤተሰብዎ አደጋ ላይ ነው፤ ሙሉ ጥበቃውን አሁኑኑ ይግዙ» የሚለው ነበር። ይሄን ስቄ አለፍኩት። ወደ ጫግኒ የሚሄድ መኪና ረዳት «አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ!» ሲል ሮጬ እንደማልገባው ማለት ነው፤ ገብተህ ስታይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

ወንድሜ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላያቸውም። ጣቱን የሰነቀረው ታች ያለችው መስመር ላይ ነው። ያልታወቀ አዲስ መሣሪያ ኔትወርክዎን ተቀላቅሏል ትላለች።

«ይኸው! ባለፈው ስመጣ ይሄ መሣሪያ አልነበረም። ባለፈው ስመጣ እዚህ ግቢ ማን አልነበረም?» አለና ዓይኑን በመስኮቱ ወደ ጓሮው ክፍል ላከው።

ደሜ ፈላ። የጓሮው ክፍል ውስጥ ያለችው ከጥርባ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች፣ ነርስነት የምትማር ልጅ ናት። የመጨረሻው ፈተናዋ ደርሶ ነበር። ከእኛ ጋር በአማርኛ ስታወራ ቃል ትቆጥባለች፤ ስልክ ላይ ከእናቷ ጋር በአገውኛ ስታወራ ግን ሌላ ሰው ናት፣ ትስቃለች፣ ትቀልዳለች፣ ድምጿ ከዝናቡ በላይ ይሰማል። እኔ ያን ሳቅ እወደው ነበር።

«ጋሼ፣ ያልታወቀ ማለት ይሄ ፕሮግራም ከዚህ በፊት አላየውም ማለት ብቻ ነው» አልኩት። «የማን እንደሆነ አያውቅም። አላውቅም እያለህ ነው።»

«እኔ አውቃለሁ። ልጅቱ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ናት። የምታወራው ደግሞ አይገባንም።»

«አይገባኝም በል! እማ ጥርት አድርጋ ይገባታል። አዊ ምድር ተወልዶ አድጎ አገውኛ የሚያስፈራው ሰው አንተን አየሁ!»

እናቴን ዞር ብዬ አየኋት። ዕድሜ ልኳን ገበያ ውላ፣ ድንቹንም ቅቤውንም በአገውኛ ተከራክራ የገዛች ሴት ናት። «እማ፣ ልጅቱ ምን እንደምታወራ ንገሪው እንጂ» አልኳት። ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የበኩር ልጇ ቃል ይከብዳታል።

ዝምታዋን ፈቃድ አድርጎ ወሰደው መሰለኝ፣ ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ተከተልኩት። ልጅቷ መጽሐፏን እንደያዘች በሯ ላይ ቆማ አገኘናት።

«እስከ ሰኞ ክፍሉን ልቀቂ» አላት።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

በቃ፣ ይሄው ነው። እንዲህ ዓይነት ንግግር እጠላለሁ። የተከሰሰ ሰው ክሱን ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ! እኔ ቀድሜ «የቤቱን ዋይፋይ ሰርቀሻል ነው የሚልሽ» አልኳት፣ ቢያንስ ምን እንደተባለች ትወቅ ብዬ። ልጅቷ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ «እንኩ፣ እዩት» ብላ ዘረጋችለት። እጁን ዘረጋ። እኔ መሃል ገባሁ።

«ማንም የማንንም ስልክ አይበረብርም! ሌላ ሰው በጠረጠራት እሷ ምን በወጣት ንጽሕናዋን የምታስመሰክረው?»

«ቢታይም ምን ዋጋ አለው፣ አጥፍታዋለች» አለና ጥሎን ወጣ። አሁን ይሄ ሰው ምን ይባላል? አሳይታም ጥፋተኛ፣ ደብቃም ጥፋተኛ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ቤት ፍለጋ ወጣች። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ቆሰበር ላይ ክፍል ማግኘት መከራ ነው፤ በዚያ ላይ ፈተናዋ ደርሷል። ስትመለስ ከእግር እስከ ራሷ ርሳለች። ገብቼ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ፍራሿን ከወዲሁ ጠቅልላ በገመድ አስራዋለች።

«አገኘሽ?»

«አንድ ቦታ ክፍል ነበር እትዬ። ሴትዮዋ ከየት ነው የምትለቂው አለችኝ፣ ነገርኳት። ‹የሰው ኢንተርኔት የምትሰርቀው አንቺ ነሽ እንዴ?› አለችኝ።»

ወይ ጉድ! ወንድሜ ጠዋት ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ሚስማር ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ወሬውን እዚያ ዘርቶት ኖሯል፤ ማታ ሳይደርስ በቅሎ ጠበቃት። ነገ ይሄ ወሬ የተግባር ልምምድ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ይገባል። ሌባ የተባለች ነርስ ማን ደሙን ያስነካታል? ክፍል ብቻ አልነበረም የምታጣው።

«ዋይፋይ እንዳላችሁ አውቃለሁ» አለችኝ ፊቷን በሻርፗ እየጠረገች። «ካርድ እየገዛሁ ነው የምጠቀመው። ተጠቀሚ ያለኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም።»

አፈርኩ፤ አፍሬም ተናደድኩ። ዋና ቤት ገብቼ ራውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ያ መሣሪያ የማን እንደሆነ ለመለየት ትምህርት ቤት የምንጠቀምበት መንገድ ነበረኝ፦ ቀይረውና ማን «ምነው ጠፋ?» እንደሚል ጠብቅ። በድብቅ የሚጠቀም ይደበቃል፤ መብቱ የመሰለው ሰው ግን መጥቶ ይጮኻል።

«እማ፣ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ልቀይረው ነው።»

«ነገ ማኅበሩ እኛ ቤት እየገባ? ዛሬ ታቦቱን ከቤቴ ልታስወጪ?»

«ታቦቱን ዘበኛ ያደረግሽው አንቺ ነሽ። እኔ ከዘበኝነት ነው የማሳርፈው።»

አማተበች። ወንድሜ ከሶፋው ላይ «ለምን ትለፊያለሽ፣ ሌባው እንደሆነ ታውቋል» አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ቀየርኩት። ረጅም ነው፣ ማንም ዘመድ፣ ማንም የማኅበር ጽዋ የማያውቀው ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ለእሱና ለእናቴ ብቻ ሰጠሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ገቡ። ቤቱ በጋቢና በነጠላ ሞላ፤ ጠላው ወረደ፣ ዳቦው ተቆረሰ። የንስሐ አባታችን ዳቦውን ባርከው ቦታቸውን ያዙ። ከቀርከሃው አጥር ማዶ፣ ጎረቤታችን ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ሞት እንኳ ቢመጣ ቁጭ በል የሚሉት ዓይነት። ጸሎቱ አልቆ ወሬ ሲጀመር እጃቸውን ካባቸው ውስጥ ሰደዱና አዲስ ሰፊ ስልክ አወጡ። ልጃቸው በቅርቡ የገዛላቸው ነው።

«እኔ የምልሽ ልጄ» አሉኝ፣ «ኔትወርካችሁ ከትናንት ጀምሮ ምን ነካው? ዛሬ ሌሊት መዝሙሬን ልሰማ ብል እምቢ አለኝ።»

ወንድሜ ብርጭቆውን ወደ አፉ እንደወሰደ ቀረ።

«አባ፣ የእኛን ዋይፋይ ይጠቀሙ ነበር?»

«እንዴታ! እቤቴ ድረስ ይመጣል እኮ።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠዎት?»

«ማን ይስጠኝ? ቁልፍ አምጣ ሲለኝ የማን ቤት እንደሆነ አየሁና የማኅበሩን ታቦትና ቀኑን ብጽፍለት ገባ!» ብለው ራሳቸው ሳቁ። ቤቱም በሳቅ ተናጋ። አንዷ ማኅበርተኛ «አባ እንኳን ገቡ፣ ቤቱ ይባረካል!» አለች። እናቴ በሳቅ እንባዋ መጣ። ወንድሜም፣ አዎ ወንድሜ፣ ከሁሉ ከፍ አድርጎ ሳቀና ተነስቶ መስቀላቸውን ተሳለመ። «ይጠቀሙ አባ፣ የራስዎ ቤት አይደል?» አላቸው።

እኔ አልሳቅኩም። አንድ ስልክ ነው፣ አንድ ራውተር ነው፣ የማያውቀው መሣሪያ ገባ ያለውም ያው አንድ ማስጠንቀቂያ ነው። ትናንት የጓሮዋ ልጅ ስትሆን ስርቆት ነበር፤ የንስሐ አባት ሲሆኑ በረከት ሆነ።

ተነሳሁ። ሴት ልጅ በማኅበር መሃል ተነስታ ድምጿን ከፍ ማድረጓ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። የራሳቸው ጉዳይ!

«አባ ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን በዚህ በእርስዎ ስልክ ምክንያት ትናንት እዚህ ግቢ ያለች ልጅ ሌባ ተብላለች። ነገ ክፍሉን ልትለቅ ፍራሿን ጠቅልላለች። ቤት ፍለጋ በሄደችበት ሁሉ ስሟ ቀድሟት ይሄዳል።»

አባ ስልካቸውን ልክ እንዳቃጠላቸው ዳቦው አጠገብ አስቀመጡት። «ማን ነው ያላት?»

ሁሉም ወንድሜን አየ። እሱ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ኮምፒውተሩ ነዋ የተሳሳተው። ማሽን አይደል፣ ይሳሳታል» አለ።

«ማሽኑማ አልተሳሳተም!» አልኩት። «ማሽኑ አላውቅም ነው ያለው። አውቃለሁ ያልከው አንተ ነህ።»

አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ቀላል አልነበረም፤ በኩራችን ነው፣ የአባቴን ወንበር የያዘ ሰው ነው። መልሱን ሳልጠብቅ ወጥቼ በዝናቡ ጓሮ ደረስኩ፣ የልጅቷን እጅ ይዤ «ነይ» አልኳት። «ወዴት?» አለች። «ወደ ቤት» አልኩ። ሻርፗን አስተካክላ ተከተለችኝ።

ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። አባ ተነሱላት። «ልጄ፣ ያ ስልክ የእኔ ነው። ባለማወቄ ጣጣ አመጣሁብሽ፤ ይቅር በይኝ» አሏት። ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ከዚያ ቀና ብላ እናቴን አየቻት። በአገውኛ የሆነ ነገር አለቻት፣ አጭር ነገር። እኔ ከአገውኛ የምሰማው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ እናቴ ግን ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ምን አለች?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

«‹እርስዎ የማወራው ይገባዎት ነበር› አለችኝ» አለች እናቴ፣ ሁሉም እየሰማት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች፤ በልጅቷ ነገር ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ዝም ያለች ሴት። «ትልቀቅ ያልከው ቤት የኔ ነው። የትም አትሄድም። ይቅርታ በላት።»

ወንድሜ ላብ አጠመቀው። «ይቅርታ» አለ፣ ወደ ብርጭቆው እያየ። «ከፈለግሽ... ያው... ክፍሉ አለ።»

ማኅበርተኞቹ እፎይ ሊሉ ነበር። «በሉ ጽዋውን አምጡ» ያለም አለ። ይሄኔ በሁለት እጇ አመስግና ተቀብላ የምትወጣ መስሏቸው ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር።

አልወጣችም። የተሰነጠቀ ስልኳን አወጣችና ሰው መሃል አቋርጣ ወንድሜ ፊት ቆመች። ትናንት «እዩት» ብላ የዘረጋችለት ያው ስልክ ነው፤ አሁን ግን የሰጠችው እንዲያይ አይደለም፣ እንዲሠራበት ነው።

«የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ያስገቡልኝ ጋሼ» አለችው በአማርኛ፣ በዚያ በስልክ ከእናቷ ጋር ስታወራ በምሰማው ድምጽ። «እስካሁን አልጠየቅሁም ነበር። አሁን ጠየቅሁ።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እናቴን አየ። ስልኩን ተቀበለ። የሰጠሁትን ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣና በወፍራም ጣቱ መጫን ጀመረ። ረጅም ነው ብያለሁ፤ የመጀመሪያው ተሳሳተ፣ አጥፍቶ እንደገና ጀመረ። ቤቱ ሙሉ ሰው ጠላውን ትቶ ያየዋል። ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ጠበቀችው። ሲጨርስ መለሰላት፤ ስልኩን አየች፣ መግባቱን አረጋገጠች፣ ኪሷ ከተተችው። አመሰግናለሁ አላለችም። ሄዳ እናቴ አጠገብ ያለው ቦታ ላይ ተቀመጠችና ጽዋው እስኪደርሳት ጠበቀች።